ያልጣፈጠው ማንጎ

የወይዘሮ ሻሺቱ እግር ከጉልበታቸው በታች ሲቆረጥ ልጃቸው ጽጌሬዳ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሆዷ ገፍቶ ነበር። ስኳር በሽታ ነው። ሲቀላ በሚባለው ገበያ ሙዝ እየሸጡ ነው ያሳደጓት፤ ቀኑን ሙሉ በእግራቸው ቆመው የሚውሉ፣ ከብርጭቆው ሥር ስኳር ካልተረፈ ሻይ የጠጡ የማይመስላቸው ሴት ነበሩ። ከሆስፒታል የወጡ ቀን ጽጌሬዳ ከእንግዲህ የማያደርጉትን አንዱን ጫማ በፌስታል ይዛ ከኋላቸው ተከተለች። የት እንደምትጥለው ግራ ገብቷት ቤት ድረስ ወሰደችው። እናቷ ብዙም አልቆዩ፤ የልጅ ልጃቸውን ሳያዩ አረፉ።

ኑሃሚን ስትወለድ ጽጌሬዳ ለራሷ አንድ ቃል ገባች፤ ስኳር የዚህችን ልጅ ምላስ አይነካም።

ቃሉን መጠበቅ መጀመሪያ ላይ ቀላል ነበር። ልጅቷ ጡት እየቀነሰች ምግብ የምትጀምርበት ጊዜ ሲደርስ ግን አጥሚቱን በማንኪያ ወደ አፏ ሲያስጠጉላት ፊቷን ታዞራለች፤ የገባላትንም መልሳ ታወጣዋለች። ጽጌሬዳ የምትሠራው መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። ከመደርደሪያው በአንዱ ጥግ ለስኳር ሕሙማን የሚሸጥ የስኳር ምትክ አለ፤ ጫን ሲሉት “ጠቅ” ብሎ አንዲት ምስር የምታክል ነጭ ክኒን የሚጥል ትንሽ ብልቃጥ። እናቷ በመጨረሻ ዘመናቸው ሻይ የጠጡት በሱ ነው። አንድ ቀን አንዱን ብልቃጥ ገዝታ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ ተስፋጽዮን አያትና፣

“ለማን ነው?” አላት።

“ለኑሃሚን። አጥሚት እምቢ ብላኛለች።”

“ይሄ እኮ ለአዋቂ ሕመምተኛ የመጣ ነው፤ ለሕፃን አይመከርም። ሐኪም ጠይቂ።”

“ስኳር ከምሰጣት አይሻልም? የእናቴን መጨረሻ አይተሃል” አለችው። ተስፋጽዮን የለቅሶውን ነገር አስታወሰና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ያን ዕለት ማታ ኑሃሚን አጥሚቷን ጥርግ አድርጋ ጠጣች። ጽጌሬዳ ደስ ብሏት ባዶውን ኩባያ ለባሏ ለገነነ ወደ ላይ አንሥታ አሳየችው። ገነነ ከጫሞ ሐይቅ ዳር ዓሣ እየጫነ ወደ ከተማ የሚያመላልስ የፒካፕ ሾፌር ነው፤ ደክሞት ስለነበር “ጎሽ” ብሎ ተኛ።

ከዚያ ወዲያ ወተቱም፣ ውኃውም፣ ገንፎውም ያለዚያች ክኒን አልወርድ አለ። አንዷ ሁለት ሆነች። ልጅቷ መሄድ ሳትጀምር የብልቃጡን ድምፅ ለይታ ታውቀው ነበር፤ “ጠቅ” ሲል ከተኛችበት አንገቷን አዙራ ትስቃለች። ቸርች ሄደው ለሕፃናቱ ከረሜላ ሲታደል ጽጌሬዳ የኑሃሚንን እጅ ሳብ አድርጋ “እሷ አትወስድም” ትላለች። ሌሎቹ እናቶች የልጅቷን ነጫጭ ጥርሶች እያዩ ሲያደንቁ ልቧ ሙሉ ይሆናል። አንድም የከረሜላ ልጣጭ ከቤቷ ወለል ላይ ተነሥቶ አያውቅም።

የገነነ አባት አቶ ዳልጮ ትውልዳቸው ከኦቾሎ ነው። በወጣትነታቸው ከተራራው ወርደው ላንቴ ላይ ሙዝና ማንጎ ተክለው እዚያው ኖሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሙዝ በጆንያ ይዘው ይመጣሉ። ከሚኒባስ ሲወርዱ ባጃጅ መያዝ አይወዱም፤ በትከሻቸው ተሸክመው ዳገቱን እያለከለኩ ይወጣሉ። “ለልጄ ነው” ይላሉ፣ “በሰው አይላክም።”

ኑሃሚን ያንን ሙዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትቀምስ ተፋችው። ጽጌሬዳ ጥርስ እያወጣች ይሆናል አለች። በሌላው ቅዳሜም ተፋችው። ያኔ ጽጌሬዳ ሙዙን ወደ ጓዳ ይዛ ገባች፤ አፍርጣ፣ ሁለት ክኒን አድቅቃ፣ ለውሳ ይዛ ወጣች። ልጅቷ ሳህኑን ላሰችው።

“አያችሁ!” አሉ አቶ ዳልጮ ጉልበታቸውን እየመቱ። “የኔን ሙዝ ታውቃለች! ደሟ ነዋ!”

“ንገሪያቸው እንጂ” አላት ገነነ ኋላ ላይ፣ አባቱ ከሄዱ በኋላ።

“ምን ብዬ? ለምን አሳዝናቸዋለሁ? ስታድግ ትተወዋለች” አለች።

ቅዳሜዎቹ እንዲያ ሆነው ዓመታት አለፉ። ሽማግሌው ጆንያውን ያወርዳሉ፣ ጽጌሬዳ ጓዳ ትገባለች፣ ልጅቷ ትበላለች፣ ሽማግሌው ይስቃሉ።

ኑሃሚን ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ፣ በአንድ የማንጎ ወቅት፣ አቶ ዳልጮ ቤተሰቡን ሁሉ ላንቴ ጠሩ። ከቸርች የሚያውቋቸው ሽማግሎችም ነበሩ። ከማንጎው ዛፍ ሥር ጅባ ተነጠፈ፤ አቶ ዳልጮ ቆመው በጋሞኛ ጸለዩ። ከዚያ የዛፉን የመጀመሪያ ፍሬ፣ ቀልቶ ሊፈርጥ የደረሰውን፣ በቢላ ሰንጥቀው ከማንም በፊት ለልጅ ልጃቸው ሰጧት። ሁሉም ወደ እሷ ያያል። ጽጌሬዳ ዕቃ ስታወርድ ቆይታ የደረሰችው ያኔ ነበር፤ ልጅቷ ማንጎውን ስትገምጥ አየቻትና ባለችበት ቆመች።

ኑሃሚን ትንሽ አላመጠች። ፊቷ ተለወጠ። የጎረሰችውን መዳፏ ላይ ተፋችው።

“ምነው ልጄ? ትል አለበት?” አሉ አቶ ዳልጮ ደንግጠው።

“አልበሰለም፣ አባባ።”

“በስሏል እንጂ! እዪ፣ እንደ ቅቤ ነው!”

“ውኃ ውኃ ነው የሚለው።” ዞር ብላ እናቷን ፈለገች። “እማዬ፣ ‘ጠቅ’ የሚለውን ይዘሽዋል?”

“‘ጠቅ’ የሚለው ምንድን ነው?” አሉ ሽማግሌው። የመለሰችው ልጅቷ ናት፣ ያለ ምንም ክፋት፤

“ሙዝህ ላይ የምናደርገው ነዋ! እሱ ከሌለ እኮ አይበላም።”

ከሽማግሎቹ አንዱ ሳቅ ለማለት ሞከሩና ተዉት። አቶ ዳልጮ ከልጅቷ መዳፍ የተተፋውን ጠርገው፣ የቀረውን ማንጎ ወስደው፣ ቁጭ ብለው ራሳቸው በሉት። ቀስ ብለው ነው የበሉት፤ እንደሚቀምሱት፣ የተሳሳቱት ነገር ካለ እንደሚፈልጉ ዓይነት።

እነ ጽጌሬዳ ሲመለሱ አቶ ዳልጮ እሷን ፒካፑ ድረስ ሸኟት።

“ያ ሁሉ ቅዳሜ ልጅቷ ስትደሰት” አሏት በሚሰባበረው አማርኛቸው፣ “በኔ ሙዝ ነበር የመሰለኝ።”

“አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። እናቴ በምን እንደሞተች ያውቃሉ። ፈርቼ ነው።”

“አውቃለሁ። መፍራትሽን አልጠላሁም።” እጃቸውን በመኪናው በር ላይ አሳረፉ። “ብትነግሪኝ እኮ አብሬሽ እፈራ ነበር።”

በቀጣዩ ቅዳሜ ትከሻቸው ላይ ጆንያ አልነበረም። ከኪሳቸው ከሱቅ የገዙትን አንድ ፓኮ ብስኩት አውጥተው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። “ምን እንደምትወድ ስላላወቅሁ ነው” አሉ። ኑሃሚን ብስኩቱን በአያቷ ፊት ገምጣ፣ ግማሹን ሳትጨርስ መልሳ አስቀመጠችው። ጽጌሬዳ ጓዳ ገብታ ቧንቧውን ከፍታ አለቀሰች፤ ውኃው የለቅሶዋን ድምፅ እንዲሸፍንላት።

በዚያው ሳምንት ብልቃጦቹን ሁሉ ሰብስባ ጣለቻቸው። ያሰበችው ሲርባት ትበላለች ብላ ነበር። ኑሃሚን ግን ወተት አቆመች፤ ገንፎ አቆመች፤ ዳቦ በደረቁ ትቆረጥምና ትተኛለች። ትቆጣለች፣ ታለቅሳለች፣ ከክፍል ጓደኞቿ በዱቄት የሚበጠበጥ ጁስ እየለመነች በጣቷ ትልሳለች። የዩኒፎርሟ ቀሚስ በወገቧ መዞር ሲጀምር ጽጌሬዳ ይዛት ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች።

የተቀበለቻቸው ሲስተር ለሊሴ የምትባል በሕፃናት አመጋገብ የሠለጠነች ነርስ ናት። ሁሉን አዳመጠችና ልጅቷን ከውጭ እንድትጫወት ልካት ለእናትየው ነገረቻት።

“መርዝ አልሰጠሻትም፤ እሱን ከራስሽ አውጪው። ግን የሰጠሻት ምላሷ ገና ልኩን በሚማርበት ጊዜ ነው። ይሄ ነገር ከስኳር በብዙ መቶ እጥፍ ይጣፍጣል። ‘ጣፋጭ ማለት ይሄ ነው’ ብላ የያዘችው እሱን ሊሆን ይችላል። ከሱ በታች ያለው ሁሉ ለእሷ ውኃ ነው።”

“ስኳር እንዳትለምድ ብዬ እኮ ነው።”

“ስኳሩን አላስለመድሻትም። ጣፋጩን ግን አስለመድሻት።”

“ምላሷ ይመለሳል?” አለች ጽጌሬዳ።

“ቀስ ብለሽ ቀንሺላት፤ በአንድ ጊዜ አይሆንም። አትቆጪያት፣ አታስገድጃት። ብዙ ልጅ ይለምዳል። ሁሉም እኩል ይመለሳል ብዬ ግን አልዋሽሽም።”

ጽጌሬዳ ዳግመኛ ብልቃጥ ገዛች፤ ተስፋጽዮን ሲሸጥላት ቀና ብሎ አላያትም፤ ያዘነላት መሰላት። ሁለቱን ክኒን አንድ አደረገች፤ አንዷን በምላጭ ለሁለት ከፈለች፤ ከዚያም ለአራት። ወራት ፈጀ። ኑሃሚን ወተቱን መጠጣት ጀመረች፤ ገንፎውንም። ፍራፍሬው ግን አልተመለሰም። ሙዝ ስትሰጣት ለእናቷ ብላ አንዴ ትገምጥና ታቀብላታለች። “ይቅርታ እማዬ፣ ምንም አይልም” ትላለች፣ ጥፋቱ የራሷ ይመስል። ጽጌሬዳን ይበልጥ የሚያማት ይህ ነበር።

ማንጎው እንደገና ሲደርስ አቶ ዳልጮ ታመው ተኙ። ጉበታቸው ነው ተባለ። ጽጌሬዳ ልጇን ይዛ ላንቴ ሄደች፤ ሽማግሌው ከደጅ ብርድ ልብስ ተከናንበው ተቀምጠው ነበር። አፋቸው አልቀምስ ብሎ ምግብ ሁሉ እንደ አሸዋ ሆኖባቸዋል። የለመኑት ገና ያልበሰለ ማንጎ ነው፤ አረንጓዴውን፣ ጠንካራውን። አስከትፈው፣ በቃሪያና በነጭ ሽንኩርት በተፈጨው ዳጣ እያጠቀሱ ይቆረጥሙ ነበር። ኑሃሚን ከአጠገባቸው ቁጭ ብላ ስታያቸው ቆየች።

“ስጠኝ” አለች።

“ያቃጥልሻል። ደግሞም ይኮመጥጣል።”

“ስጠኝ።”

ሰጧት። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ትከሻዋ ተሰበቀ፤ አፏን ከፍታ በእጇ አራገበች። ጽጌሬዳ ትተፋዋለች ብላ ጨርቅ ይዛ ተጠጋች። ልጅቷ ግን ዋጠችና እጇን እንደገና ዘረጋች።

“ሌላ!”

“ሌላ?” አሉ ሽማግሌው።

“ይሄኛው ይላል! አባባ፣ ይሄኛው የሆነ ነገር ይላል!”

አቶ ዳልጮ ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል እስኪለወጥ ሳቁ። ሳህኑን ባዶ አደረጉት፣ ተራ በተራ እያጠቀሱ። ያን ያህል ሲበሉ ከታመሙ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነበር፤ የመጨረሻቸውም ሆነ ማለት ይቻላል። የዚያ ዓመት ዝናብ ሳያባራ አረፉ። ኦቾሎ ላይ ነው የተቀበሩት፤ ከመቃብሩ ዘንድ አባያ ሐይቅ ቀላ ብሎ ከታች ይታያል። ለቀስተኛው ሲመለስ ኑሃሚን ለእናቷ “ለአባባ ከዳጣው ይዤ መምጣት ነበረብኝ” አለቻት።

አሁን ማሳውን ገነነ በአራሽ ያሳርሰዋል። በማንጎ ወቅት ሦስቱም ላንቴ ይወርዳሉ። ኑሃሚን ቁመቷ ከእናቷ ትከሻ ደርሷል፤ ከዛፉ አረንጓዴ አረንጓዴውን መርጣ ትቆርጣለች፣ ትከትፋለች፣ ደስ ብሏት ትበላለች። ከክኒኑ ከተላቀቀች ቆይታለች። ቡናም ሻይም ያለ ምንም ነው የምትጠጣው። ሰው ሲያያት ጽጌሬዳ ተሳክቶላታል ይላል።

ባለፈው ወቅት ጽጌሬዳ ከዛፉ ሥር አንድ የበሰለ ማንጎ ስትበላ፣ ጭማቂው እስከ ክንዷ ሲወርድ፣ ኑሃሚን ትክ ብላ አየቻትና፣

“እማዬ፣ ላንቺ ምን ምን ይላል?” አለቻት።

ጽጌሬዳ ማኘኩን አቆመች። ማር ማር ይላል ልትል ነበር፤ ማሩም ለልጇ እንደ ማንጎው ምንም እንደማይል ትዝ አላትና ተወችው። ሌላ ቃል ፈለገች። ልጅቷ በትዕግሥት ጠበቀቻት።

“እኔ እንጃ” አለች በመጨረሻ። “ብቻ ደስ ይላል።”

“እሺ” አለች ኑሃሚን፤ የአረንጓዴውን ማንጎ ሳህን ወደ እናቷ ገፋ አደረገችላት።