ካዝማሬክ ይባረር!

«ካዝማሬክ ይባረር!» የሚለውን፣ የቡድናችን አሠልጣኝ እንዲነሳ የሚጠይቀውን አቤቱታ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ሦስት ገጽ ነው፣ አራት ሺህ ሰው ፈርሞበታል። የጎደለው የአንድ ሰው ፊርማ ብቻ ነበር፦ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድናችን፣ የቶሌዶ መልህቆች፣ ደጋፊዎች ማኅበር ሊቀመንበር የዌንደል። እሱ ካልፈረመበት የክለቡ ባለቤት ወረቀቱን ዞር ብሎም አያየውም። ዌንደል ደግሞ የሚስቴ ወንድም ነው፤ ድርቅ ያለ ሰው።

የዚያን እሑድ ረፋድ፣ ስታዲየሙ ፊት ለፊት ባለው መኪና ማቆሚያ፣ እኔና ዌንደል እንደ ወትሯችን የመኪናውን ኋላ ከፍተን ቋሊማ እንጠብሳለን። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። ተጋጣሚያችን ዴይተን ነው፤ ያሸነፈ ጥሎ ማለፉ ውስጥ ይገባል፣ የተሸነፈ ቤቱ ይገባል። በዚህ ጨዋታ ኳሷን አሥር ያርድ ለመግፋት አራት ሙከራ አለህ፤ በአራተኛው ካልሞላልህ ኳሷ እዚያው ለተጋጣሚ ትሰጣለች።

«እስቲ ንገረኝ» አልኩት፣ «የነሱ አሠልጣኝ፣ ቲለሪ፣ ዘንድሮ አንድ ቀን ጮኾ ያውቃል? ሰውየው ያሰላል! አራተኛው ሙከራ ላይ አንድ ያርድ ሲቀረው ወረቀቱን ያያል፣ ይሞክራል፣ ያገኛል። የኛው ጉድ ግን ፈርቶ ሳይሞክር ኳሷን በእግር ወደ ሩቅ ያስለጋና ለተጋጣሚ ያስረክባል። ከዚያ ልጆቹ ላይ ይጮኻል!»

«ስማ ኦሪን፣ እንደዚህ ከወደድከው እህቴን ፍታና ቲለሪን አግባ።»

በጎረቤት መኪና ያሉት ሁሉ ሳቁ። ደሜ ፈላ።

«ካዝማሬክ ልጆቹን ያውቃቸዋል» አለ ዌንደል ቋሊማውን እያገላበጠ። «ቲለሪ የሚያውቀው ቁጥራቸውን ነው።»

«ትውውቅ ነጥብ ያስቆጥራል?»

«ዛሬ እናያለና። ከተሸነፍን እፈርምልሃለሁ። ካሸነፍን ግን ያንን ወረቀት በገዛ እጅህ እዚህ ከሰል ላይ ታስቀምጠዋለህ።»

«በቃ! እጅህን አምጣ!»

ተጨባብጠን ወደ በሩ ስንሄድ ነው ምን ውስጥ እንደገባሁ የገባኝ። እኔ ልክ እንድሆን የሠላሳ አንድ ዓመት ቡድኔ መሸነፍ አለበት።

ቲለሪ አላሳፈረኝም። ሁለት ጊዜ አራተኛውን ሙከራ ደፈረ፣ ሁለቱንም አገኘ፤ በየተራው ጣቴን ዌንደል አፍንጫ ሥር ቀሰርኩ። ካዝማሬክ ኮፍያውን መሬት ላይ ፈጠፈጠ፣ ዳኛውንም ውኃ አቀባዩንም ሰደበ። ጨዋታው ሊያልቅ አራት ደቂቃ ሲቀረው ሃያ ለአሥራ ዘጠኝ ተበልጠናል፤ ኳሷ በእጃችን ናት፣ አራተኛው ሙከራችን ነው፣ አንድ ያርድ ጎድሎናል። ካዝማሬክ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አስለጋት!

«ይኸው! ይኸው ደንቆሮ!» ብዬ ወንበር ላይ ወጣሁ።

ኳሷ ተንከባልላ ከዴይተን የግብ መስመር ሦስት ያርድ ላይ ቆመች። ታፍነው መውጫ አጡና እነሱም ለግተው መለሱልን። እየገፋን፣ እየወደቅን፣ ሦስት ሰከንድ ሲቀር ከግቡ ቋሚዎች አርባ ሰባት ያርድ ላይ ደረስን። ቦዚክ፣ መቺያችን፣ በሁለቱ ቋሚዎች መሃል ካሳለፋት ሦስት ነጥብ ነው፤ ድል ነው። ከሳምንት በፊት ግን ከዚህ ቅርብ ሆኖ ስቶ ነበር።

ካዝማሬክ ወደ ልጁ ሄደ። አሁን ይጮኽበታል ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸም። ጆሮው ሥር አንድ ነገር ሹክ አለው፤ ቦዚክ ሳቀ።

መታ። ኳሷ ቋሚውን ገጭታ ወደ ውጭ ነጠረች።

አቤቱታዬ ጸደቀ። ልክ ነበርኩ። ታዲያ ለምንድን ነው ሁለት እጄን ራሴ ላይ ጭኜ «ወይኔ!» የምለው?

«ቆይ ቆይ፣ ዳኛው!» ዌንደል ክንዴን ጨመደደው።

ዳኛው ፊሽካውን እየነፋ እጁን ያወናጭፋል። ምቱ አይቆጠርም፣ ይደገማል! ኳሷ ከመነሳቷ በፊት ቲለሪ ታይም አውት ጠርቶ ጨዋታውን ለአፍታ አስቁሟል። መቺው ብቻውን ቆሞ እንዲፈራ አሠልጣኞች የሚሠሯት የቆየች ተንኮል ናት። ቲለሪ ግን ሠርቷት አያውቅም፤ ጥቅም እንደሌላት ቁጥሩ ያሳያል ብሎ ለጋዜጠኞች ተናግሯል። ያንን ንግግሩን በአቤቱታዬ ሁለተኛ ገጽ ላይ ቃል በቃል አስፍሬዋለሁ! ቁጥር የሚያመልከው ሰውዬ በመጨረሻዋ ሰከንድ ፈራ፤ ጯሂው ደግሞ ቀለደ።

«አግባት ቦዚክ! አግባት የኔ ጌታ!» የሚለው ድምፅ የእኔ ነበር።

ቦዚክ ሁለተኛ መታ። ኳሷ መሃል ለመሃል ሰንጥቃ አለፈች። ዌንደልን አንቄው ዘለልኩ፤ ቢራው ጀርባዬ ላይ ፈሰሰ፤ ማን ደንታ አለው!

መኪናው ጋ ስንመለስ ከሰሉ አልጠፋም።

«እህስ?» አለኝ።

ወረቀቱን ከኮቴ ኪስ አወጣሁ። መጀመሪያ የጨመርኩት ሁለተኛውን ገጽ ነው።

«ከቲለሪ ተፋታህ ማለት ነው?»

«ተፋታን! አራተኛው ሙከራ ላይ ማስለጋቱ ግን አሁንም የፈሪ ሥራ ነው! በሰከነ አእምሮ ብታስበው...»

«ኦሪን፣ ቋሊማህን ብላ።»

በላሁ። እስካሁን ግን ካዝማሬክ ቦዚክን ምን ብሎ እንዳሳቀው የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም፤ ያናድደኛል።