ስለ ሰው ሲሆን ቆሞ

ቲቸር ሃሺ ስለ ራሱ ሲናገር ተቀምጦ ነበር፤ ስለ ሰው ሲሆን ግን ይነሣል። መጋላ ሰፈር ውስጥ ይህን የማያውቅ አልነበረም። ሻሂ ቤቱ በረንዳ ላይ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ጉልበቱ ቁርጥማት፣ ድምፁ ስለጠፋው ባቡር ሲያወራ ቆይቶ ድንገት ከወንበሩ ብድግ ካለ፣ በዙሪያው ያለው ሁሉ ብርጭቆውን ያስቀምጥና "ዛሬ ደግሞ የማን አፍ ነው?" ይባባል ነበር። ችግር የገጠመው ሰውም "አማልደኝ" ወይም "ተናገርልኝ" አይለውም። "ሃሺ፣ ነገ ተነሣልኝ" ነው የሚለው። ሃሺም ከመነሣቱ በፊት ሰውየውን አጠገቡ ያስቀምጠውና "በመጀመሪያ አንተ ምን ትላለህ?" ብሎ ይጠይቀዋል። ሳይጠይቅ ለማንም ተነሥቶ አያውቅም።

ልማዱን ከየት እንዳመጣው ልጁ ካፊያ ታውቃለች። ሃሺ በወጣትነቱ ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካሉት ቢሮዎች በአንዱ ትራንዚተር ነበር፤ የነጋዴውን ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስወጣ፣ ነጋዴው በማይችለው ቋንቋ ስለ ነጋዴው የሚከራከር። ሥራ በሌለበት ጠዋት ደግሞ ፍርድ ቤት ሄዶ ከኋላ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ክስ ኖሮበት አይደለም። ሌላው ሰው ኳስ እንደሚያይ እሱ ክርክር ያያል። ጠበቃው ሲነሣ ደንበኛው ተቀምጦ እንደሚቀር ያስተዋለው እዚያ ነው። ምሳ ላይ ለቤተሰቡ ሲያወራ ተነሥቶ ጠበቃውን ይሆናል፣ ተቀምጦ ባለጉዳዩን ይሆናል፤ ሚስቱ "ኧረ ሩዙ ቀዘቀዘ" እስክትለው ድረስ።

ባቡሩ ሲቆም ቢሮውም ተዘጋ። ሃሺ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ መጋላ ቤቱ ገባና፣ በሯ ወደ መንገዱ የሚከፈተውን የፊት ክፍል አንዱን ግድግዳ ጥቁር ቀለም ቀባው። እንግሊዝኛ ማስተማር ጀመረ። የጅቡቲ መንገድ ሹፌሮች፣ ጀማሪ ትራንዚተሮች፣ ቀፊራ ገበያ ጨርቅ የሚሸጡ ሴቶች ከአስር ሰላት በኋላ ይመጣሉ፤ ወንዶቹ ግማሾቹ ጉንጫቸው በጫት እንደተወጠረ። ካፊያ ግቢውን ውሃ ትረጫለች፣ ሻሂ በሄል ታፈላለች፣ በሩ ሥር ቆማ ትሰማለች።

ከሰላምታ በፊት የሚያስተምራቸው አንዲት አባባል ነበረች፤ ኦን ቢሃፍ ኦፍ። ስለ እከሌ ሆኖ፣ በእከሌ ስም። "ሃው አር ዩ ብትሉ ሰው ይስቅላችኋል" ይላል፤ "ይህችን ካወቃችሁ ግን ሰው ቤቱን አያጣም።" የሚሠሩት ዓረፍተ ነገርም የሕግ መሆን ነበረበት። ጠበቃው ስለ መበለቲቱ ሆኖ ተናገረ። ወኪሉ በነጋዴው ስም ዕቃውን ተረከበ። ወንድምየው ስለ እህቱ ሆኖ ፈረመ። እያንዳንዱ የራሱን ያመጣል፤ ሲናገርም ይቆማል።

አንድ ቀን ተራው ሉቅማን ጋ ደረሰ። ያኔ ቀጭን፣ ተረበኛ የባጃጅ ሹፌር ነበር። ተነሣና በእንግሊዝኛ "ፍየሏ ስለ ባለቤቷ ሆና የጎረቤት መጋረጃ በላች" አለ።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሃሺ ግን መነጽሩን ከፍ አድርጎ አየው። "ባለቤቷ ልኳታል?"

"ኧረ አልላካትም፣ ቲቸር።"

"ውክልና አላት?"

"ፍየል ምን ውክልና አላት!"

"ታዲያ መጋረጃውን በማን ስም በላች?"

ሉቅማን ጭንቅላቱን አከከ። "በ... በራሷ ስም።"

"እንግዲያው ተቀመጥ። ፍየሏንም አስቀምጣት።"

ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ውስጥ ሳይላክ ለራሱ ያደረገ ሁሉ "ፍየሏ" ተባለ። የካፊያ ወንድም ዐብዲከሪም፣ ያኔ ጎረምሳ፣ ከድስት ሥጋ ሲያወጣ እናቱ ከያዘችው "ዋሪያ፣ በማን ስም ነው?" ትለዋለች። እሱም አፉ እንደሞላ "በራሴ!" ይላል።

ሌላ ቀን ደግሞ ናሲሞ የምትባል ጨርቅ ሻጭ ጠየቀች። "ቲቸር፣ ባለጉዳዩ ቢሞትስ? ያ የተነሣለት ሰው ምን ያደርጋል?"

ሃሺ ጠመኔ ይዞ ቆሞ ነበር። ወንበሩን ሳበና ተቀመጠ። ናሲሞ "ገባኝ" አለች፤ ካፊያም በሩ ሥር ሆና ገባት።

ዓመታት አለፉ፤ እናትየዋ ሞተች፤ ዐብዲከሪም አዲስ አበባ ገብቶ ነገደ። ከዚያ ሃሺን ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑንና ምላሱን ይዞበት ሄደ። ያ ለሰው ሁሉ ሲነሣ የኖረ ሰው ለራሱ ውሃ መለመን አቃተው። ከውልና ማስረጃ የመጣው ሰው አንብቦለት፣ በግራ አውራ ጣቱ አሻራ ውክልናውን ለካፊያ ሰጣት። ከዚያ በኋላ ባንክም፣ ቀበሌም፣ ሐኪም ፊትም የምትነሣው እሷ ሆነች። እሱ ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ እሷ ግራ እጁን ይዛ ትጠይቀዋለች። አንዴ ከጨበጣት እሺ ነው፤ ደጋግሞ ከጨበጣት እምቢ ነው። እሱ ሳይጨብጥ እሷ አፏን አትከፍትም። ትምህርቱን ሉቅማን ተረከበው። ሃሺ ማእዘኑ ላይ ሆኖ ይሰማል፤ ዓረፍተ ነገር ሲበላሽ የካፊያን ጣቶች እስኪያማት ይጨብጣል።

አንድ ነገር ብቻ ሳትጠይቀው ቀረች። "ከአንተ በኋላ ይህች ክፍል ምን ትሁን?" አላለችውም። እንዴት ብላ ትበለው? እጁን ይዛ፣ ዓይኑን እያየች፣ "ከአንተ በኋላ" ማለት አቃታት። ነገ፣ ከነገ ወዲያ ስትል እጁ ቀዘቀዘ።

ሐዘኑ ከወጣ በኋላ ዐብዲከሪም መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለአባቱ መድኃኒት ሳይሰለች የላከ ልጅ ነው። ቤቱን የሚገዛ ነጋዴ አግኝቷል፤ ሰውየው ሙሉውን አፍርሶ መጋዘን ሊሠራበት ነው፣ የፊት ክፍሏንም ጨምሮ። ካፊያ ደግሞ አዲስ አበባ መጥታ ከእሱ ጋር ትኖራለች። በዘመዶቻቸው ዘንድ እህት ድርሻዋን ለወንድሟ ትተዋለች። ሕጉ ይሰጣታል፣ ሸሪዓውም ይሰጣታል፤ እሷ "ለወንድሜ" ብላ ትተዋለች፤ ወንድምም በክፉ ቀን በሩን አይዘጋባትም። የሃሺ እህት፣ አክስታቸው ኤዶ ሃዎም ለሃሺ እንዲሁ አድርጋ ነበር። ካፊያም እንደዚያው እንደምታደርግ ማንም አልተጠራጠረም፤ ራሷም ጭምር።

ስለ ቤቱ ሽማግሌ በሚቀመጥበት ዋዜማ ሉቅማን ቀፊራ፣ ካፊያ አሁን ጨርቅ የምትሸጥበት ቦታ መጣ። አሁን ሆዱ ወጣ ብሏል፣ ጢሙን ሂና ነክቶታል።

"ካፊያ፣ አንድ ቃል ብቻ ነው" አለ፣ ሽርጥ የሚመርጥ መስሎ። "'እጄን ጨበጠኝ' በዪ። 'ትምህርቱ ይቀጥል ስለው ጨበጠኝ።' ማን ይክድሻል? እጁን የያዝሽው አንቺ ነሽ።"

"አልጨበጠኝማ።"

"ስላልጠየቅሽው ነዋ! ብትጠይቂው ወላሂ ይጨብጥ ነበር።"

"እሱስ ይጨብጥ ነበር።"

"ታዲያ!"

"ታዲያ አልጠየቅኩትም፣ ሉቅማን።"

ሽርጡን አጣጥፎ መለሰላት። አጣጠፉ አላማራትምና እንደገና ዘረጋችው።

በማግስቱ ከአስር በኋላ የፊት ክፍሏ ውስጥ ተቀመጡ። ጥቁሩ ግድግዳ ላይ የመጨረሻው ትምህርት ገና አልጠፋም። መሐል ላይ ሐጂ ጦልሃ፣ የሃሺ የባቡር ጣቢያ ጓደኛ፤ ከጎኑ ኤዶ ሃዎ፤ ጥግ ላይ ናሲሞ፤ በሩ ጋ ሉቅማንና ጥቂት ተማሪዎች።

ዐብዲከሪም ጉሮሮውን ጠረገ። "ሐጂ፣ እርስዎ እንደሚያውቁት..."

ሐጂ ጦልሃ ወደ ኋላው ዞሮ አየ። "እርስዎ ማነው? ሌላ ሰው ገባ እንዴ? አንተ በለኝ ልጄ፤ አዲስ አበባ አበላሽታሃለች።"

ሁሉም ሳቁ፤ ዐብዲከሪምም ሳቀ። የገዢውን ነገር፣ የካፊያን አዲስ አበባ መምጣት ሁሉንም ተናገረ። ያማረ ንግግር ነበር። ሲጨርስ ሐጂ ጦልሃ ወደ ካፊያ ዞረ።

"አንቺ ምላሱ ነበርሽ። ሃሺ ስለዚህች ክፍል ምን አለ?"

ካፊያ ተነሣች። አስባ አይደለም፤ የአባቷ ስም ሲጠራ እግሯ ለምዶበት ነው። ብርጭቆዎቹ ተቀመጡ። በሩ ጋ ሉቅማን አንገቱን አሰገገ። ኤዶ ሃዎ "በዪ ልጄ፣ አላህ ያውቀዋል፣ እሱ የሚወደውን ታውቂያለሽ" አለች በሹክሹክታ። ዐብዲከሪም ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ "አባቴ ካለማ አለቀ" አለ። "አባቴ ካለ ለገዢው አሁኑኑ እደውልለታለሁ፤ ቤቱ አይሸጥም።"

ይህን ባይል ይሻላት ነበር። እንዲህ ቀላል መሆኑን አላወቀችም ነበር። አንድ ቃል፣ ከዚያ ግድግዳውም፣ ግቢውም፣ አባቷ የተኛበት የውስጥ ክፍልም፣ የግቢው የኒም ዛፍም ሁሉም በቦታው ይቀራል። ግራ እጇ ሳታዝዘው ተከፈተ፣ የሚጨብጣት እንዳለ። የጨበጣት አልነበረም።

ወንበሩን ሳበችና ተቀመጠች።

ናሲሞ፣ አሁን አሮጊት ናት፣ ከጥግ ሆና "ገባኝ" አለች።

"አልነገረኝም" አለች ካፊያ። "አልጠየቅኩትም። ውክልናው ከእሱ ጋር ተቀብሯል፤ ከእንግዲህ በአባቴ ስም የምናገረው የለኝም።"

ሉቅማን ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ዐብዲከሪም በረጅሙ ተነፈሰ። ሐጂ ጦልሃ ለዱዓ እጁን ሊዘረጋ ሲል ካፊያ "አልጨረስኩም" አለች።

"ተቀምጠሽ?" አለች ኤዶ ሃዎ።

"ተቀምጬ። ስለ ራሴ ነዋ።" "እኔም ልጁ ነኝ፤ ድርሻ አለኝ። ብዙ አልፈልግም። ይህችን ክፍል፣ ከግድግዳዋና ከመንገድ በሯ ጋር ስጡኝ። የውስጡን ቤት፣ ግቢውን፣ ዛፉን ወንድሜ ይውሰድ፤ ይሽጥ።"

ኤዶ ሃዎ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ዐብዲከሪም ፊቱ ቀላ። "የፊት ክፍሏ ከወጣች ሰውየው ይተወዋል፣ ወይም ዋጋ ይሰብራል። ካፊያ፣ እኔ አንቺን ሜዳ ላይ እጥላለሁ? ማን መክሮሽ ነው? ሉቅማን ነው?"

"ሉቅማን የመከረኝ ሌላ ነበር።"

"ታዲያ በማን ስም ነው ይሄ?"

ካፊያ ቀና ብላ አየችው። ጉንጩ ሥጋ የሞላ ያ ጎረምሳ ከጢሙ ሥር አሁንም ነበር።

"የፍየሏ ዓይነት ነው" አለች።

መጀመሪያ የሳቀችው ናሲሞ ነበረች። ቀጥሎ ሐጂ ጦልሃ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ዐብዲከሪም ላለመሳቅ ከንፈሩን ነከሰ፤ አልቻለም፤ ሳቁ ግን መሐል ላይ ተሰበረና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። አባቱ ከሞተ ወዲህ ሲያለቅስ ያዩት ያን ጊዜ ነው።

"መጋረጃውን ብዪው" አለ በመጨረሻ። "ሐቅሽ ነው።"

"አላህ ይባርክላችሁ" አለ ሐጂ ጦልሃ፣ እጁንም ዘረጋ። ኤዶ ሃዎ አሚን ስትል ድምፅዋ ከሁሉም በላይ ተሰማ።

ገዢው ዋጋ ሰብሮ የኋላውን ወሰደ። የውስጡ ክፍል ሲፈርስ ካፊያ ቀፊራ ዋለች፤ ማየት አልፈለገችም። ማታ ስትመለስ ግቢዋ የነበረው ቦታ ላይ የብሎኬት አጥር መቆም ጀምሯል። ፍራሿን ጥቁሩ ግድግዳ ሥር ዘረጋች። ቀን ቀን ይጠቀለልና ተማሪ ይቀመጥበታል። ነጋዴው ኒሙን አልቆረጠውም፤ አስር ላይ ጥላው አጥሩን ተሻግሮ በሯ ድረስ ይመጣል። የምትረጨው ግቢ ስለሌላት መንገዱን ትረጫለች።

አንድ ከሰዓት ትምህርቱ ሊጀመር ሲል ዓሻ፣ ከታችኛው መንገድ፣ በሩ ላይ ቆመች። ከባሏ ቤተሰብ ጋር ፍርድ ቤት ቀጠሮ አላት፤ ዳኛ ፊት መናገር ትፈራለች።

"ካፊያ፣ ነገ ትነሺልኛለሽ?"

ካፊያ የጠመኔውን ዱቄት ከእጇ አራገፈች። ፍራሹ ላይ ቦታ ለቀቀችላት።

"ቁጭ በዪ" አለቻት። "በመጀመሪያ አንቺ ምን ትያለሽ?"