ደብተራው ልቤን ሲል

ደብተራ ደርበው ጫት እንደሚቅም ላሊበላ ውስጥ የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም የንስሐ አባቱ አባ ከፋለ። ቢያንስ ደርበው እንዲህ ያምን ነበር። የጫት ወዳጅ ሁሉ እንዲሁ ነው፤ ጉንጩን ወጥሮ አደባባይ ይወጣና ሰው አላየኝም ይላል።

ምክንያቱ ደግሞ የተማረ ሰው ምክንያት ነው። ማሕሌት ቆሞ ማደር ጉልበት ይጠይቃል፤ ቅጠሉ ጉልበት ይሰጣል፤ ስለዚህ ቅጠሉ ለአገልግሎት ነው። ምርቃናና ምርቃት የአንድ ቤት ልጆች ናቸው እያለ ሚስቱን ሰገነትን ሰዋስው ያስተምራታል። ከወልድያ በሚኒባስ የመጣውን የጫት እስር ይጨርስና ዓይኑ አልከደን ሲለው በአረቄ ይጨብሳል። ልቡን፣ ፈረንጅ ተሸክማ ወደ አሸተን ማርያም ተራራ እንደምትወጣ የኪራይ በቅሎ ይዟት ነበር፤ በቅጠል እየገረፈ ያስጋልባታል፣ በአረቄ ልጓም ይይዛታል፣ ከዚያ ለምን ደነበረች ይላል።

በጾመ ነቢያት ለገና ወረብ ሲለማመድ ደረቱን ጨምድዶ ያዘው። ጤና ጣቢያ ሄዶ "ልቤን አመመኝ" አለ። እንግዲህ በእኛ አገር ልቤን ያለ ሰው ደረቱን ይበል ሆዱን የሚያውቀው ፈጣሪ ነው። ነርሱ ጾም መሆኑን አስቦ፣ ስለ ሽሮውና ስለ በርበሬው ጠይቆ፣ የጨጓራ እንክብል ሰጠው። ደርበው ቦታውን በጣቱ ቢያሳይ ይበቃ ነበር። አላሳየም። ስለ ቅጠሉ የሚጠይቀው ስላልነበረ ጨጓራ በመሆኑ እጅግ ደስ ብሎት ወጣ፤ እንክብሉንም ጫት እየቃመ ዋጠው።

ገና ሲቃረብ ከቤቱ ደጃፍ ላይ ላብ አጥምቆት ተቀመጠ፤ ግራ ክንዱ ከበደው። ሰገነት ጎረቤት ጠርታ ሆስፒታል አስገባችው። አባ ከፋለም መስቀላቸውንና የጸበል ጀሪካናቸውን ይዘው ደረሱና ከራስጌው ቆሙ።

ሐኪሟ ኤልሳቤጥ የልብ ምርመራውን ወረቀት ስታይ ቆየችና የጨጓራውን ወሬ እርሱት አለች። ልቡ ደም እያጠረው ነው። መድኃኒት ከመስጠቷ በፊት የሚወስደውን ነገር ሁሉ ማወቅ አለባት፤ ከደበቃት የምትወጋው መርፌ ራሱ ሊጎዳው ይችላል።

ደርበው አባን አየ። ቃሚ መሆኑ ከተሰማ የገና ለት ማሜ ጋራ ላይ፣ ቤተ ማርያምን ቁልቁል ከሚያየው ዐለት ጫፍ፣ ነጭ ለብሶ ከካህናቱ ጋር ለዝማሬ መቆም ቀረ። ዜማ የተማረው ለዚያች ቀን ነው።

"ቅጠል ነገር" አለ።

"የምን ቅጠል?"

አባ ከፋለ ተሽቀዳደሙ። "ዳማከሴ ነው ልጄ። ምች ሲመታው እኔው ነኝ ያዘዝሁለት።"

"አዎ" አለ ደርበው፣ ዳማከሴን የፈጠረውን እያመሰገነ።

"ዳማከሴ ከመቼ ወዲህ ነው በአረቄ የሚጨበሰው?" አለች ሰገነት። "ንገራት። አለዚያ በተዝካርህ ላይ እኔ እናገረዋለሁ።"

ደረቱ እንደገና ተጨመደደ፤ በዚህ ጊዜ ሰዋስው አልመጣለትም። "ጫት ነው" አለ። "ዛሬ ጠዋትም ቅሜያለሁ። አረቄም አለበት።"

ሐኪሟ ወዲያው ሥራዋን ጀመረች።

ሕመሙ ሲለቀው አባ ከፋለ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ጥርሱ አረንጓዴ ሆኖ መስቀል ሲሳለም ሲያዩት እንደኖሩ፣ ዳማከሴ ያሉትም በሰው ፊት እንዳይዋረድ ብለው እንደሆነ ነገሩት። ሰገነት ይህን ስትሰማ ባሏን ትታ እሳቸው ላይ ዞረች፤ ለክብሩ ሲሉ ሊቀብሩት እንደነበር በጨዋ ቃል፣ ጨዋ ባልሆነ ድምፅ አስረዳቻቸው። አባም ፈጥነው ቀኖና ወደ መስጠት ሄዱ።

"ስግደት ልሰጥህ ነበር፣ ሐኪሟ ከለከለችኝ" አሉት። "እንግዲያው ማሜ ጋራ አትወጣም። ታች ከምእመናኑ ጋር ተቀምጠህ፣ ምሥጋናው ዜማውን ሲመራ ዝም ብለህ ትሰማለህ።"

ምሥጋናው ማለት በዜማ ቤት ደርበው ሲስቅበት የኖረ፣ ድምፁ እንደ ተሰነጠቀ ገንቦ የሆነ ሰው ነው።

ደርበው ከትራሱ ቀና አለ። "በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ አባ፣ ስግደቱ ይሻለኛል።"