የበለጥሽ ሰዓት

የእድሩ ሰዎች የድንኳኑን ገመድ መፍታት እንደጀመሩ ከአጥሩ ውጭ ለቅሶ ተሰማ። ሁለቱ ጎረምሶች የያዙትን ገመድ ሳይለቁ ተያዩ፤ ከዚያ የፈቱትን መልሰው አሰሩት።

መምህር ሸዋንዳኝ ከአግዳሚው ላይ ተነሣ። ሚስቱ ከተቀበረች ወዲህ እንዲህ ስንት ጊዜ እንደተነሣ እሱ ራሱ አያውቅም። ድምፁ ከድቶታል፤ ዕንባውም ቢሆን አሁን አሁን ሲጠሩት የሚመጣ አልሆነም። የገቡት ከጨንቻ ወገን የወረዱ ሴቶች ናቸው። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ደረታቸውን እየመቱ፣ በጋሞኛ የሟችን ስም እየጠሩ ግቢውን ዞሩት። እሱ አንዳቸውንም አያውቃቸውም።

"አልሰማንም፣ መምህር" አለች ከመካከላቸው አማርኛ የምትችለው፣ ትንፋሿን ሰብስባ ስትቀመጥ። "ትናንት ገበያ ላይ ነው የሰማነው። ድሮ ቢሆን እኛ ሳንሰማ ሰው ይቀበራል?"

"ይሁን። እንኳን መጣችሁ።"

ትናንት የመጡትም "አልሰማንም" ብለው ነው የጀመሩት። ወሬው ከገበያ ወደ ገበያ በእግሩ ስለሚሄድ ለቀስተኛው አንድ ላይ አልመጣም፤ አንድ ቀን ከዶርዜ፣ አንድ ቀን ከኤዞ እየተንጠባጠበ ይወርዳል። በመጣ ቁጥር ልቅሶው እንደ አዲስ ይጀመራል፤ አሟሟቷ እንደ አዲስ ይነገራል። ሸዋንዳኝ ለእያንዳንዱ "ቧንቧው አጠገብ ወደቀች፤ የደም ግፊት ነው አሉን" ማለት ታክቶት፣ አሁን አሁን ልጁ ሃና ነበረች የምትናገርለት።

"ለስንቱ ስታረዳ ኖራ የራሷ መርዶ መንገድ ላይ ቀረ" አለች አንዲት ጎረቤት ንፍሮ እያደለች፣ በሹክሹክታ። ሸዋንዳኝ ሰምቷታል።

በለጥሽ "የሐይቆቹ ድምፅ" በሚባለው የከተማው ኤፍኤም ጣቢያ ጠዋት ጠዋት በጋሞኛ የሞት ማስታወቂያ ታነብ ነበር። ፕሮግራሙ ሌላ ስም ነበረው፤ ሰው ግን "የበለጥሽ ሰዓት" ነበር የሚለው። በዚያ ሰዓት በሁለቱ የከተማው ክፍሎች፣ በሴቻና በሲቀላ፣ ሚኒባሶች ዘፈን ያጠፋሉ። ደጋ ላይ ሸማኔው መወርወሪያውን እንደያዘ ይቆማል። ጫኖ ላይ ሙዝ የሚቆርጠው ገጀራውን ያሳርፋል። ማን እንደሞተ ሳይሰማ ወደ ሥራው የሚሄድ የለም፤ የዘመድ ቀብር የቀረበት ሰው በዚህ አገር ምን እንደሚባል ሁሉም ያውቃልና።

ማስታወቂያ ይዞ የመጣውን ሰው የሟቹን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የመንደሩን ስም ደጋግሞ እንዲነግራት ታደርገዋለች። አፏ እስኪለምደው ድረስ አትለቀውም። "ሰው አንዴ ነው የሚሞተው" ትላለች። "ስሙን ካበላሸሁበት ማን ያስተካክልለታል?"

ሸዋንዳኝ ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የቀረ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ጋሞኛው ከሰላምታ ብዙም አላለፈ። ቁርሱን እየበላ ሲያዳምጣት የሚገቡት ስሞቹ ብቻ ነበሩ። ባልደረቦቹ "የመርዶ ነጋሪዋ ባል" እያሉ ሲቀልዱበት መጀመሪያ ላይ ይከፋው ነበር። አንድ ቀን "ለምን ዜና አታነቢም?" አላት።

"ይኼ ምን ሆነና? ለባለቤቱ ከዚህ የበለጠ ዜና አለ?" አለችው። ከዚያ ወዲያ አልጠየቃትም።

ሴቶቹ ሲረጋጉ አንድ ሰው ከኋላ ተነሥቶ አጠገቡ መጣ። ኤፍሬም ነው፤ ስቱዲዮ ውስጥ ለበለጥሽ ማይክ ይከፍትላት የነበረው ቴክኒሻን። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ በየቀኑ እየመጣ ጥግ ይዞ ይቀመጣል።

"ምንም አልቀመሱም አሉ፣ መምህር።"

"በልቻለሁ።"

"ሃና አልበላም ብላኛለች።" ኤፍሬም ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እኔን ባያዩኝ ይሻላል ብዬ ነበር። ግን መቅረቱም አልሆነልኝም።"

"ማን አትምጣ አለህ?"

ጣቢያውን ያቋቋሙት የከተማው ሰው አርጅተው፣ ልጆቻቸውም ሥራውን ስላልፈለጉት፣ ለአንድ የአዲስ አበባ ኩባንያ ሸጡት። አዲሶቹ ባለቤቶች ሠራተኛውን ሆቴል ሰብስበው ምሳ ጋበዙ። ስሙም ፎርማቱም ይቀየራል አለ የመጣው ወጣት፣ ጨዋ ልጅ ነበር፤ ከእንግዲህ ሙዚቃ፣ ቀልድ፣ የኳስ ወሬ ይሆናል፤ ሁሉም አዲስ አበባ ተዘጋጅቶ በመስመር ይመጣል። ስለ ሞት ማስታወቂያው ሲጠየቅ ትንሽ አሰበና "አድማጭ ቀኑን በደስታ መጀመር ነው የሚፈልገው" አለ። በለጥሽ ከዚያ ምሳ ስትመለስ ጫማዋን አውልቃ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

"ከእንግዲህ ሰው አይሞትም አሉ" አለችው።

ሴቻ ባለው ስቱዲዮ አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ ዘበኛና ኤፍሬም ቀሩ። ሰዎች ግን የሟች ስም ይዘው መምጣታቸውን አልተዉም፤ ጣቢያው ቢዘጋባቸው ወደ ቤቷ ይመጣሉ። እሷም ስልኳን ይዛ ደረጃው ላይ ትቀመጥና ለምታውቀው ሰው ሁሉ ትደውላለች። ስልክ ግን የሚደርሰው ለተደወለለት ብቻ ነው።

እሷ ሐሙስ ጠዋት ወድቃ አመሻሹን ሆስፒታል አረፈች። ታላቅ ወንድሟ ደበሌ የሚኖርበት ኦቾሎ ላይ መብራት ከጠፋ ሰንብቶ ነበርና ስልኩ አልሠራ አለ። የተላከው ሞተረኛ ዝናብ ያጨቀየውን አቀበት ፈርቶ፣ ጫኖ ላይ ላገኘው ሰው መልእክቱን አደራ ብሎ ተመለሰ፤ አደራው የት እንደቀረ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ያኔ ሸዋንዳኝ የደበሌ ሬዲዮ በባትሪ ድንጋይ እንደሚሠራ ትዝ አለውና አርብ ማለዳ ወደ ጣቢያው ሄደ።

"ስሟን ብቻ" አለው ኤፍሬምን። "ስሟንና ቀብሩ የት እንደሆነ።"

ኤፍሬም ዓይኑን ከስክሪኑ አላነሣም። "ከዚህ ምንም ማስገባት አልችልም፣ መምህር። ማስታወቂያ በዋናው ቢሮ በኩል ነው። ሌሊቱን ስደውል ነው ያደርኩት፤ የሚያነሣ የለም።"

"መክፈቻው አንተ እጅ አይደለም?"

"እጄ ላይ ነው።" አለ ኤፍሬም። "ከነካሁት ግን ነገ እዚህ የለሁም።"

የኤፍሬም ሚስት በቅርቡ መውለዷን ሸዋንዳኝ ያውቃል። በለጥሽ ራሷ ናት ገንፎ ይዛ የጠየቀቻት። አልተቆጣውም፤ ለመቆጣትም አቅም አልነበረውም። ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ወጣ።

አሁን ኤፍሬም የፕላስቲክ ብርጭቆውን በጣቶቹ መካከል እያዞረ፣ "አንዲት ደቂቃ እኮ ነበረች" አለ። "ያኔ ብከፍተው ኖሮ…"

"ተወው፣ ኤፍሬም። ልጅህ ደህና ነው?"

"ደህና ነው።"

"በል እንግዲያው።"

ከሰዓት በኋላ የእድሩ ሰብሳቢ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቀረቡ። ሲቀላ ላይ ሌላ ሰው አርፏል፤ ድንኳኑና አግዳሚዎቹ ለዚያ ይፈለጋሉ። "አያስቀይምህ፣ መምህር" አሉ። ሸዋንዳኝ ውሰዱት አለ። ጎረምሶቹ ሁሉንም አይሱዙ ላይ ጭነው ሲሄዱ ግቢው ባዶ ቀረ፤ ድንኳኑ የነበረበት መሬት የተረገጠ ጭቃና የንፍሮ ፍርፋሪ ብቻ ሆነ። ወዲያው ካፊያ ጀመረ። ገብቶ ጋደም ሊል ሲል ሃና ከበሩ በኩል መጣች።

"አባዬ፣ አጎቴ ደበሌ መጥቷል። ውጭ ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል። ግባ ብለው አልገባም አለኝ።"

"ያለቅሳል?"

"አያለቅስም። እሱ ነው ያስፈራኝ።"

ሸዋንዳኝ ጋቢውን ደርቦ ወጣ። ለበለጥሽ ደበሌ ወንድም ብቻ አልነበረም። አባታቸው ሲሞት ገና ልጅ ነበረች፤ ደበሌ ነው ሸማ እየሸመነ ያስተማራት፣ ወንዝ ሲሞላም በትከሻው እያሻገረ ትምህርት ቤት ያደረሳት። አሁን ላስቲክ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ለብሶ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ከፊት ለፊቱ ያለውን መንገድ ያያል። ሸዋንዳኝ አጠገቡ እርጥቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

"ጋሽ ደበሌ፣ ግባ እንጂ። ዝናብ ነው።"

"እህቴ የለችም። ማን ቤት ነው የምገባው?"

አንድ ባጃጅ አለፈ። ደበሌ የባጃጁ ድምፅ እስኪጠፋ ጠበቀ።

"ጫኖ ወርጄ ለሬዲዮ ድንጋይ ስገዛ ነው የሰማሁት። አንድ የሙዝ ነጋዴ፣ በኮልታፋ አማርኛ፣ 'ያ ሬዲዮ ላይ መርዶ የሚነግረው ሴትዮ ሞተ' ብሎ ሲያወራ። ለኔ አይደለም የነገረው፤ ለጓደኛው ነው። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነው።"

ሸዋንዳኝ ስለ ስልኩ፣ ስለ ሞተረኛው፣ ስለ ጣቢያው አንድ በአንድ ነገረው። ሲናገር ለራሱም ሰበብ የሚደረድር መሰለው። "የሷን ቀብር አንተ ሳትኖር ማድረግ አልነበረብንም" አለ መጨረሻ ላይ። "አንድ ቀን እንኳ ማቆየት ነበረብኝ።"

"በናንተ አልተቆጣሁም" አለ ደበሌ።

"ታዲያ ለምን አትገባም?"

ደበሌ ወደ እሱ ዞረ። በእጁ ፊቱን ጠራረገ፤ የዝናቡ ውሃ ነው።

"የተቀበረችው አርብ ነው፤ ከምሳ በኋላ። እንደሱ ነው አይደል?"

"አዎ።"

"በዚያ ሰዓት ሬዲዮዬን ከፍቼ ነበር። እሷ ከወጣች ወዲህም መክፈት አልተውኩም፤ ልማድ ነው። አሁን እዚያ አንድ ልጅ አለ፣ ቀልድ የሚያወራ። ስለ አማቱ አወራ። ሳቅኩ፣ መምህር። ሽመናዬ ላይ ተቀምጬ ዕንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። ሚስቴ ምን ሆንክ ብላ መጣች፤ ለሷ ነገርኳት፤ እንደገና አብረን ሳቅን።" ወደ መንገዱ መልሶ አየ። "እህቴ አፈር ስትገባ እኔ በሷ ሬዲዮ እስቅ ነበር። በምን ዓይኔ ነው ልቅሶ ቤት የምገባው?"

ሸዋንዳኝ ሰሞኑን ሰው ሁሉ ያጽናናበትን ቃል አንድ በአንድ በሐሳቡ አገላበጠ፤ የሷን ፓስተርም፣ የራሱን የንስሐ አባትም። አንዱም ለዚህ አልሆነም። የመጣለት ሌላ ነገር ነው።

"እሷም ትስቅ ነበር" አለ።

"ማን?"

"በለጥሽ። በዚያው ልጅ።"

ደበሌ ዞሮ አየው።

በለጥሽ ሥራዋን ስታጣ ሬዲዮ የሚባል ነገር እቤት ውስጥ ይከፈታል ብሎ ሸዋንዳኝ አልጠበቀም ነበር። እሷ ግን ማድ ቤት ውስጥ ከፍታ ትውላለች። መጀመሪያ ላይ እንከን የምትፈልግ ይመስል ነበር፤ ቃላት ይውጣል፣ ይቸኩላል፣ ትላለች። አንድ ቀን ሸዋንዳኝ ከውጭ ሲገባ ሽንኩርት እየከተፈች ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ደንግጦ ሊይዛት ሲል ቀና አለች፤ እየሳቀች ነበር።

"'ልጁ ይችላል፣ ሸዋ' አለችኝ" አለው ደበሌን። "'እኔ ሰዉን በጠዋት ሳስለቅሰው ኖርኩ፤ ይኼ ቢያስቀው ምን አለበት' አለች። ከዚያ 'ለሞተው ግን ጥግ ቢተዉለት ጥሩ ነበር' አለች። ይኼን ብላ ሽንኩርቷን ቀጠለች።"

"ስለ አማቱ ሲያወራ?"

"ስለ አማቱ ሲያወራማ ይብስባት ነበር። የኔን እናት እያስታወሰች።"

የደበሌ አፍ ጥግ ተንቀሳቀሰ። ሳቅ ሊሆን ሲል መንገዱን ሳተ፤ ፊቱ ተሰባበረ፤ የደረበውን ጋቢ ወደ አፉ ወስዶ ጎንበስ አለ። ሸዋንዳኝ ክንዱን ይዞ አስነሣው። በሩን ሲያልፍ ደበሌ በጋሞኛ የእህቱን ስም ጠራ፤ ደጋ ለደጋ በሚጠራሩበት ድምፅ፣ ሩቅ ላለ ሰው እንደሚባለው አድርጎ። ጎረቤቶች ከየቤታቸው ወጡ። ሃና ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ሸዋንዳኝም የነጠፈ የመሰለው ዕንባው ያን ጊዜ መጣለት።

ሲመሽ ካፊያው አላቆመም። ደበሌ ሳሎን ውስጥ የበለጥሽ ወንበር ላይ ተቀምጦ እግሩን ሞቅ ባለ ውሃ ታጠበና፣ ከኦቾሎ ማን ማን እንዳልሰማ ለሃና መቁጠር ጀመረ። ብዙ ናቸው። የዘመዶቹን ስም ሲጠራ ድምፁ የእህቱን ይመስላል።

"አባዬ፣ የግቢውን በር ልዝጋው?" አለች ሃና። "ዛሬ እንኳ ጥቂት ብታርፍ። ድንኳኑም የለ፤ ሰዎቹ የት ይቀመጣሉ?"

ሸዋንዳኝ ተነሥቶ ከምግብ ጠረጴዛው ሥር አንዱን ወንበር ሳበ፤ አቅፎ ደጅ አወጣውና ክዳኑ ሥር ግድግዳውን አስደግፎ አስቀመጠው። ዝናብ ጠብ ያለበትን መቀመጫ በጋቢው ጫፍ አበሰ። ከዚያ ወገቡን ይዞ ትንሽ ቆመና ሌላውን ሊያመጣ ገባ።