በወልደኪዳን ጥያቄ ሥር

«እዚህ ጋ አይደለም፣ ጋሼ። ከጥያቄያቸው ሥር ‹መልስ› የምትለዋን ይጫኑ።»

ፍሬሕይወት ይህን ስትለው ሠረቀብርሃን ጣቱን ከማውሱ ላይ አነሳ።

ፍሬሕይወት የዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ናት። የአንኮበር አካባቢ ሰዎች ስለ አገራቸው የሚጽፉበትን ዊኪ የተባለ የጋራ ድረ ገጽ ታስተዳድራለች። ዛሬ ስድስት ጸሐፊዎችን ደብረ ብርሃን ጠርታ አዲስ የመወያያ ሶፍትዌር ታስሞክራለች። በድሮው ገጽ ሁሉም የመሰለውን ከታች ይጨምር ነበር፤ ማን ለማን እንደ መለሰ አይለይም። በአዲሱ ግን እያንዳንዱ መልስ ከጥያቄው ሥር ገባ ብሎ ይቀመጣል።

ከሠረቀብርሃን ፊት ለፊት፣ ስክሪኑ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻውን ቆሟል፦ «የመንደራችንን የመስኖ ቦይ የቆፈሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። የአባቴን ስም ከገጹ ያወጣው ማነው? ወልደኪዳን።» ከሥሩ «መልስ የለም» ይላል።

ያወጣው ሠረቀብርሃን ራሱ ነው። ሚስቱን ሲቀብር ወልደኪዳን አልመጣም። ስሙን የሰረዘው የአርባ ቀን ተዝካሯ በወጣበት ሳምንት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት አልተነጋገሩም። አሁን ወልደኪዳን ከሱ ሦስት ወንበር አልፎ ተቀምጧል።

ሠረቀብርሃን ፍሬሕይወት ጠዋት የላከችውን ሰላምታ ፈለገ። ከሱ ሥር ጽፎ ላከ፦ «ልጄ፣ ለሰውዬው ንገሪልኝ፤ ገጹ ትክክል ነው።»

ስለ አሊዩ አምባ ገበያ የምትጽፈው አልታየች ጮክ ብላ አነበበችውና ሳቀች።

ወልደኪዳን ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም። «ለሱም ንገሪልኝ፣ ፍሬሕይወት። ገጹ ትክክል ከሆነ የአባቴ እግር የት ተሰበረ?»

«ጉድ ነው!» አለች አልታየች። «ሦስት ወንበር ለመሻገር ዩኒቨርሲቲ ይቸገር?»

ፍሬሕይወት አልሳቀችም። «ጋሼ፣ እኔ መልእክት ማድረስ አልችልም። መልሱ በስምዎ ከጥያቄው ሥር መግባት አለበት። እስከ አሥር ሰዓት ካልተመለሰ ገጹ ለመንደራችሁ ትምህርት ቤት አይታተምም።»

«የአባቴም ስም ይቀራል?» አለ ሠረቀብርሃን።

«ገጹ በሙሉ ይቀራል።»

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለአሥር ሃያ ጉዳይ ይላል። ሠረቀብርሃን መነጽሩን አወለቀ። የወልደኪዳን አባት ቦዩን ሲቆፍር ድንጋይ ተንዶበት እግሩ ተሰበረ፤ እስኪሞትም ሲያነክስ ኖሯል። ይህን አገር ያውቃል። አብሮት ይቆፍር የነበረው፣ ተሸክሞም ወደ ቤት ያስገባው የሠረቀብርሃን አባት ነው።

መነጽሩን አጠለቀና ‹መልስ›ን ተጫነ። ባዶ ሳጥን ተከፈተ።

«ስሙ በስህተት ወጥቶ ይሆናል» ብሎ ጻፈ። ጥቂት አየው። አጠፋው።

«ወልደኪዳን፦ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ለቀብሯ አልመጣህም።»

ላከው።

በወልደኪዳን በኩል ወንበር ተንቋቋ። ሠረቀብርሃን ቀና ብሎ አላየም። ዋናውን ገጽ ከፍቶ የወልደኪዳንን አባት ስም ከነአያቱ ጻፈ። መጀመሪያ ከራሱ አባት ስም ቀጥሎ አስገብቶት ነበር። አነሳና ከፊት አደረገው።