የታፈነው ድምፅ

«ይሄም ታፍኗል» አለ ጊታሪስቱ፣ እጁን ከክሮቹ ላይ ሳያነሳ። «ብርድ ልብስ ደርባችሁበት ነው እንዴ የምትሸጡት?»

ሻጩ ሳቀ። «ብርድ ልብሱን ለብቻው ነው የምናስከፍለው፣ ጋሼ።»

የሞከረው ሦስተኛ አምፕሊፋየር ነበር። ሁሉም የቲዩብ ናቸው፤ ከኋላቸው ትንንሽ የመስታወት ቲዩቦች እንደ ፍም ቀልተው ይታያሉ። እሱ የሚፈልገው ለሁለቱም የሚሆን ነው፤ ለብሉዝ ጥርት ብሎ የሚያዝን፣ ለሮክ ደግሞ ገፋ ሲያደርጉት የሚሻክር። አብራው ለመጣችው ልጁ ከቤት ሲወጡ ነግሯታል። «ደህና ድምፅ ላግኝ እንጂ ዛሬውኑ እደውልለታለሁ።»

የሚደውለው ለቀጭኔ ነው። ቀጭኔ ቤዝ ጊታር የሚጫወት ረጅም ሰው ነው፤ ከአባቷ ጋር ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ ጎን ለጎን ቆመው ተጫውተዋል። አምና ልምምድ ላይ «ድምፅህ እንደ ምላጭ ጆሮ ይቆርጣል፣ ቀንሰው» አለው። አባቷ በሰው ፊት «ቅናት ነው» ብሎ መለሰለት። ቀጭኔ ገመዱን ነቅሎ ወጣ፤ አልተመለሰም። የእርቁን መንገድ ያገኘችው ልጅቱ ናት፤ ጥፋቱ የአሮጌው አምፕሊፋየር ይሁንና ሁለቱም ሳይሸነፉ ይታረቁ። አባቷም ሐሳቡን ወደደው። ዕቃ አረጀ ማለት ማንንም አይከብድም።

ሻጩ አራተኛውን እየጎተተ አመጣ። «ይሄ ባለ ሁለት ቻናል ነው። አንዱ ለብሉዝዎ፣ አንዱ ለሮክዎ። ጠብ የለም።»

አባቷ ገመዱን ሰካ። እንደ ልማዱ የትሬብሉን፣ የቀጫጭኑን ድምፅ ማዞሪያ እስከ መጨረሻው አዞረና ቀስ ያለ ብሉዝ ጀመረ። ልጅቱ ጥርሷን ነከሰች።

«ይሄ ይሻላል» አለ። «ይሄ ነፍስ አለው።»

ያኔ ከቲዩቦቹ አንዷ ጮኸች። እንደ ፈላ ማንቆርቆሪያ ቀጭን፣ የማያቋርጥ ፉጨት። ሻጩ ፊቱን አጨማደደ። ልጅቱ ጆሮዎቿን በሁለት እጇ ያዘች። ከመንገድ ሊገባ የነበረ ሰው በሩ ላይ ቆም ብሎ ተመለሰ።

አባቷ ዓይኑን ጨፍኖ ይጫወታል።

ሲገልጥ ልጁ እጇን ገና አላወረደችም።

«ምን ሆናችሁ?»

ሻጩና ልጅቱ ተያዩ።

«ምንድን ነው?»

«ቲዩቧ ታፏጫለች፣ ጋሼ» አለ ሻጩ። «እቀይርልዎታለሁ።»

«አሁን እያፏጨች ነው?»

«አሁን።»

አባቷ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ አምፕሊፋየሩ አስጠጋ። ልጅቱ ማየት አቅቷት ወለሉን አየች።

«ቀጭኔ ያለው እውነት ነበር?» አላት፣ ቀና ሳይል።

«ትንሽ ስለት አለው፣ አባዬ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቆየ።»

«እና ዝም አልሽኝ።»

«ወደኸው መስሎኝ ነዋ።»

ሻጩ ቲዩቧን ቀየረ። ፉጨቱ መቆሙን አባቷ ያወቀው የሁለቱ ትከሻ ወረድ ሲል አይቶ ነው።

«ለሰው ጆሮ በሚሆንበት ላይ አድርጊልኝ» አላት።

ትሬብሉን ከግማሽ ዝቅ አደረገችው። ያንኑ ብሉዝ ደገመው። ድምፁ ሞቀ፣ ጥግ ጥጉ ለሰለሰ፤ ልጅ ሳለች ከግድግዳው ማዶ እየሰማችው እንቅልፍ ይወስዳት የነበረው ድምፅ ነው። አባቷ ግን ክሮቹን ትቶ ፊቷን ነበር የሚያየው።

«ያምራል?»

«በጣም።»

«ለኔ ከተዘጋ በር ኋላ እንደሚመጣ ነው።»

ስልኩን አውጥቶ ደወለ፤ ድምፁን ወደ ውጭ ለቀቀው።

«ቀጭኔ፣ እኔ ነኝ። አምፕሊፋየሩ አልነበረም። ጆሮዬ ነው።»

ከወዲያ የቀጭኔ ድምፅ መጣ።

«ሐኪም አይቶሃል?»

«አሁን ገና ነው ያወቅሁት።»

«ቤዙን ሸጥኩት እኮ» አለ ቀጭኔ። «በዚያው ሰሞን።»

«ቤዝህን አይደለም የምፈልገው። መጥተህ ስማልኝ፤ ጆሮህን ፈልጌ ነው።»

«ጆሮዬን ያኔ ሰጥቼህ ነበር።» ቁጣ የለውም፤ የደከመው ሰው አነጋገር ነው። «በል፣ ደህና ሁን ወንድሜ።»

አባቷ የተዘጋውን ስልክ ኪሱ ከተተ።

«ይሄንኑ እወስዳለሁ» አለ ለሻጩ። «ማዞሪያዎቹ አሁን የቆሙበት ላይ ምልክት እንዲሆነኝ ፕላስተር ለጥፍልኝ። በዓይኔ አገኛቸዋለሁ።»

ሻጩ ለጥፎ ሲጨርስ አጠፋው። ቲዩቦቹ ሳይበርዱ መኪና ላይ አይጫንም፤ ሁለት ወንበር አቀረበላቸውና ወደ ሌላ ደንበኛ ሄደ። አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው የመስታወቶቹ ቅላት እየደበዘዘ ሲሄድ አዩ።

«ሌላስ ሳልሰማው የቀረ ምን ብላችሁኝ ነበር?» አላት።

ልጅቱ ወንበሯን ወደ እሱ ሳበች፤ ከወትሮው ጎላ አድርጋ፣ አንድ በአንድ ትነግረው ጀመር።