ሳይፈተሽ የገባ አውራ ዶሮ

እትዬ አልጋነሽ ከጊዮርጊስ ስግደት ተመልሰው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ያለውን ግቢያቸውን እንደ ረገጡ ደማቸው ፈላ። ገብስማዋ ዶሮ እንቁላሎቿን ጥላ ተነሥታለች። ቆማ ራሷን ትነጫለች። ያውም ጫጩቶቹ ሊወጡ ዛሬ ነገ በሚባልበት ሰዓት!

እንቁላሎቹን ዳሰሷቸው፤ ሙቀታቸው ገና አልጠፋም። ዶሮዋን ይዘው ከጭራዋ ሥር ላባዋን ገለጥ ቢያደርጉ ቅማሉ ውር ውር አለ። በዚህ መሐል ጎረቤታቸው ቆንጅት ብቅ አለች።

«እትዬ፣ ዶሮዎችዎ አውራዬን ቅማል አስያዙት እኮ! የፋሲካ ዶሮዬን!»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኼ ነው! ገበያው ሳይጦፍ ብላ ባለፈው ሳምንት አውራውን ገዝታ፣ ሳታስፈቅድ እሳቸው ቆጥ ላይ ያሰፈረችው ራሷ ናት። እሳቸው ደግሞ ያኔ ጉርብትና ይዟቸው ሳይከለክሏት ቀሩ። አሁን በዚያ ዝምታቸውም ተናደዱ።

አውራውን አፈፍ አድርገው ክንፉን ገልጠው አሳዩዋት። የላባው ሥር በቅጫም ተጋግሮ ነጭ ሆኗል።

«ይኼ የሳምንት ነው? ቀይ ነው ብለሽ፣ ደረቱን ዳብሰሽ ገዛሽ። ክንፉን ማንሳት ምን ገደደሽ? የእኔዎቹ እዚህ አመድ ላይ ሲንከባለሉ ነው የሚውሉት፤ ቅማል የት ያገኛቸዋል!»

ቆንጅት ዓይኗን ሰበረች።

«እሺ ምን ላድርግ፣ እትዬ?»

«ታቀፊ!»

«ምን?»

«ከእንቁላሏ ያስነሣሻት አንቺ ነሽ። እስክመልሳት ታቀፊያ!»

እንቁላሎቹን በነጠላዋ ጠቅልለው ጉያዋ ውስጥ ወሸቁላት። ቆንጅት የእትዬ በር ደፍ ላይ ኩርምት ብላ ቀረች።

እሳቸው እያጉረመረሙ አውራውን ቆንጅት በር ላይ ለብቻው አሰሩት። የዶሮዋን ጎጆ ጭድ አውጥተው አቃጠሉ፣ የቆጡን ስንጥቅ በፈላ ውኃ አጠቡ። ደረቅ አመድ ነፍተው የገብስማዋን ክንፍና ጭራ ሥር አሹላት። ከሳምንት በኋላ መድገም አለባቸው፤ ቅጫሙ ይፈለፈላላ። የሰው ጥፋት ለእሳቸው ሥራ ሆነ!

አዲስ ጭድ ጎዝጉዘው ሲያበቁ ዶሮዋ ገብታ ተኛች።

«በይ አምጪ!» አሉ፣ ቁጣቸው ሳይበርድ።

ቆንጅት አልተነሣችም። ከነጠላዋ ውስጥ ቀጭን ድምፅ ይሰማል። ትንፋሿን ውጣ ቀና ብላ አየቻቸው።

«ቀስ ይበሉ፣ እትዬ» አለች በሹክሹክታ። «እጅዎን ታጥበዋል? አውራውን ነክተው ነበር።»